ከክረምት በኋላ የከዳ ፍሪሲዮን፦ በሐዋሳ መነኻሪያ ክፍለ ከተማ ያለ የሞተር ሳይክል ጥገና ቤት ግምገማ

በሐዋሳ ሞተር ሳይክል የሚጠግን ሰው ማግኘት አያስቸግርም። ቦክሰርም ሆነ ቲቪኤስ የሚፈታ፣ የተበጠሰ ካቦ የሚቀይርና ካርቡራተር የሚያጥብ ባለሙያ ከመነኻሪያ እስከ አቶቴ በየመንገዱ ዳር አለ። ፍሪሲዮኑ፣ ማለትም ማርሽ ሲቀየር ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀው ክፍል፣ በካቦ ሳይሆን በዘይት ግፊት የሚሠራ ትልቅ ሞተር ሳይክል ያለው ሰው ግን ነገሩ ይከብድበታል፤ እንዲህ ያለው ሞተር ሳይክል በከተማው ውስጥ ጥቂት ስለሆነ በእጁ ነክቶ የሚያውቀው ባለሙያም በዚያው ልክ ጥቂት ነው። ይህ ግምገማ የሚመለከተው በመነኻሪያ ክፍለ ከተማ የሚገኝ አንድ ጥገና ቤት ነው። ቤቱ ታፔላ የለውም፤ ምልክቶቹ በቆርቆሮ የታጠረው ግቢ፣ በሩ ጎን የተደረደሩት ያረጁ የባጃጅ ጎማዎችና ከውስጥ የሚሰማው የኮምፕረሰር ድምፅ ናቸው። የአካባቢውን የባጃጅ ሾፌሮች «ትልልቅ ሞተር የሚሠሩት ሰውዬ ጋ» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

ሞተር ሳይክሌ ሱዙኪ ቪ-ስትሮም 1000 ነው፤ በ2002 እ.ኤ.አ. ለገበያ ከቀረበው ከመጀመሪያው ትውልድ ሲሆን፣ በቪ ቅርጽ የተቀመጡ ሁለት ሲሊንደሮች ያሉት 996 ሲሲ ሞተር አለው። ከሰኔ ማብቂያ ጀምሮ ሥራዬ ከከተማ ስላስወጣኝ፣ ክረምቱን በሙሉ ሀይቅ ዳር ክፍለ ከተማ ባለው የቤተሰብ ግቢ ውስጥ በቆርቆሮ ጥላ ሥር በሸራ ተሸፍኖ ቆሟል። ለመስቀል ስመለስ ባትሪው ከተሞላ በኋላ ሞተሩ ብዙም ሳያስለምን ተነሣ፤ የፍሪሲዮኑ እጀታ ግን አንዳች ክብደት ሳይኖረው ተስቦ መሪው ላይ ተለጠፈ። እጀታው እንደተያዘ አንደኛ ማርሽ ሲገባ ሞተር ሳይክሉ ወደ ፊት ዘሎ ሞተሩ ጠፋ፤ ፍሪሲዮኑ ከናካቴው አልለቀቀም ማለት ነው።

እዚህ ላይ አሠራሩን በአጭሩ መግለጽ ያስፈልጋል፤ ያለበለዚያ ባለሙያው ያደረጉት ነገር ዋጋው አይታይም። በመሪው ግራ በኩል ትንሽ የዘይት ቋትና ከሥሩ አንድ ፒስተን ያለበት የላይኛው ፓምፕ አለ። እጀታው ሲሳብ ይህ ፒስተን ዘይቱን በቱቦ ወደ ታችኛው ፓምፕ ይገፋል፤ የታችኛው ፒስተን ደግሞ አንድ ረጅም ዘንግ ገፍቶ የፍሪሲዮኑን ሞላዎች በመጫን ሸራዎቹን (ተጣብቀው ኃይል የሚያስተላልፉትን ዲስኮች) ከብረቶቹ ያላቅቃል። የታችኛው ፒስተን ከላይኛው የሰፋ ስለሆነ የእጃችን ኃይል ይባዛል፤ ርቀቱ ግን በአንጻሩ ያጥርና ዘንጉ የሚሄደው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። ዘይት አይጨመቅም፤ አየር ግን ይጨመቃል። ስለዚህ በቱቦው ውስጥ የተደበቀች ትንሽ የአየር አረፋ ያቺን ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻዋን ልትበላት ትችላለች። በካቦ የሚሠራ ፍሪሲዮን ቢላላ ዳዶውን አጥብቆ መሄድ ይቻላል፤ በዚህኛው ግን የሚጠበቅ ዳዶ የለም።

ወደዚህ ቤት ከመሄዴ በፊት ያየው አንድ ሌላ ጋራዥ እጀታውን እንኳ ሳይነካ «ሸራው ተጣብቋል፣ ሞተሩ ጎኑ ተከፍቶ ሸራው በሙሉ ይቀየር» ብሎ ነበር። ግምቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ለወራት የቆመ ሞተር ሳይክል ላይ በዘይት የተነከሩት ሸራዎችና ብረቶች እርስ በርሳቸው ሊጣበቁ እንደሚችሉ የታወቀ ነው። ሆኖም ሸራ የተጣበቀበት ፍሪሲዮን እጀታው እንደ ወትሮው ከባድና ጠንካራ ሆኖ ሳለ የማይለቅ ነው፤ የእኔው እጀታ ደግሞ ባዶ ነበር። ይህን ልዩነት ሳያዩ ሞተር መክፈት ማለት ባለቤቱን ለብዙ ወጪ ዳርጎ በሽታውን ባለበት መተው ነው።

የመነኻሪያው ባለሙያ የመጀመሪያ ንግግራቸው «ወንድሜ፣ ይሄ ሳይታይ አይፈታም» የሚል ነበር፤ እንዳሉትም ለረጅም ጊዜ አንዲት ቁልፍ አላነሡም። እጀታውን አንድ ጊዜ በዝግታ ሳቡ፤ ባዶ ነው። ደጋግመው በፍጥነት ሲስቡት እየጠነከረ መጣ፤ ይህ አየር መኖሩን ያመለክታል። ከዚያ የጠነከረውን እጀታ እንደያዙ ዝም ብለው ቆሙ፤ እጀታው በጣታቸው ሥር ቀስ እያለ ወደ መሪው ሰመጠ። «አየር ብቻ ቢሆን ይህን ያህል አይሰምጥም፤ የሚያመልጥበት ቀዳዳ አለ» አሉ። ማምለጫው ሁለት ሊሆን ይችላል፤ ወይ በላይኛው ፓምፕ ውስጥ ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጋው ላስቲክ፣ ጎሚኒው፣ አርጅቶ ዘይቱን ወደ ኋላ ያሳልፋል፣ ወይም ደግሞ ዘይቱ ከታች በኩል ወደ ውጭ ይወጣል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የቋቱን መክደኛ ከፈቱ።

ከመክደኛው ሥር ያየነው ከጠበቅሁት በላይ ነበር። ይህ ፍሪሲዮን የሚሠራበት የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ፈዛዛ ቢጫ ወይም ቀለም አልባ ነው፤ የኔው ቡና መስሎ ከቋቱ ሥር ጥቁር ዝቃጭ ተኝቶበታል። ይበልጥ የሚናገረው ግን የዘይቱ መጠን ነበር፤ ከዝቅተኛው መስመር በታች ወርዷል። ባለሙያው በዚህ ላይ ያሉትን ነገር ብዙ ሰው ስለማያውቀው እዚህ ላሰፍረው እወዳለሁ። በፍሬን ላይ ሸራው ባለቀ ቁጥር በቋቱ ያለው ዘይት ይቀንሳል፤ በፍሪሲዮን ላይ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። የፍሪሲዮን ሸራ ሲሳሳ ዘንጉ የታችኛውን ፒስተን ወደ ኋላ ስለሚገፋው ዘይቱ ወደ ቋቱ ይመለሳል፤ መጠኑም ከጊዜ ወደ ጊዜ ከፍ ይላል። ስለዚህ የፍሪሲዮን ቋት ጎድሎ ከተገኘ ሰበቡ የሸራ ማለቅ አይደለም፤ አንድ ቦታ እየፈሰሰ ነው። በዚሁ ምክንያት ቋቱን እስከ አፉ መሙላትም ስሕተት ነው፤ የሚመለሰው ዘይት ቦታ ሲያጣ ፍሪሲዮኑን ገፍቶ ይይዘውና ሞተሩ እየጮኸ ጎማው አልሄድ ይላል።

በዚህ ሞዴል ላይ የታችኛው ፓምፕ የሚገኘው በሞተሩ ግራ ጎን፣ ካቴናውን የሚጎትተው የፊት ጥርስ በተሸፈነበት ክዳን ላይ ነው። ለፓምፕ ከዚህ የባሰ መኖሪያ አይገኝም፤ የካቴና ቅባት፣ አሸዋ፣ ጭቃና የመንገድ ውሃ ሁሉ የሚረጨው እዚያ ነው። ከክዳኑ ሥር እርጥብ ነገር ነበር፤ ጥቁር ስለነበረ የሞተር ዘይት ይሁን፣ የካቴና ቅባት ይሁን ወይም የፍሪሲዮን ዘይት ይሁን በዓይን አይለይም። ባለሙያው በጣታቸው ጥቂት ጠርገው በሌላው እጃቸው ከጆግ ውሃ አንጠባጠቡበት፤ እርጥበቱ ከውሃው ጋር ተቀላቅሎ ጠራ፣ ጣታቸውም ያለ ሳሙና ንጹሕ ሆነ። የሞተር ዘይት ቢሆን ኖሮ ውሃው ላዩ ላይ ተንከባልሎ ይወርድ ነበር። ከሦስቱ ከውሃ ጋር እንዲህ የሚስማማው ግላይኮል በሚባል ፈሳሽ ላይ የተመሠረተው የፍሬን ዘይት ብቻ ነው። በአንዲት ጠብታ ውሃ የታችኛው ፓምፕ ጥፋተኛ መሆኑ ተረጋገጠ፤ ለአንባቢ ከዚህ ቤት ጉብኝቴ አንድ ነገር ብቻ ይወሰድ ቢባል ይህን ፍተሻ እመርጥለታለሁ።

ፓምፑ ሲፈታ ያሳዩት ጥንቃቄም ሊጠቀስ ይገባዋል። ቱቦውን አስቀድመው አላላቀቁም። ፓምፑን ከክዳኑ ላይ ነቅለው በጨርቅ ከጠቀለሉት በኋላ ረዳታቸው ከላይ እጀታውን ቀስ እያለ እንዲስብ አዘዙት፤ ፒስተኑን ያወጣው የራሱ የዘይቱ ግፊት ነው። በሌሎች ቤቶች ፒስተን በፒንሳ ተነክሶ ሲወጣና ለስላሳ ፊቱ ሲጫር ማየት የተለመደ ነው፤ ኮምፕረሰር ከተጠቀሙ ደግሞ እንደ ጥይት ተወርውሮ ሰው ሊጎዳ ይችላል። የወጣው ፒስተን ዙሪያውን ነጭ ዱቄት ለብሶ ነበር፤ የአሉሚኒየም ዝገት ነው። የጎሚኒው ከንፈር በአንድ በኩል ተበልቷል።

የዝገቱ ምንጭ ውጭ ያለው ዝናብ ብቻ አይደለም። የፍሬን ዘይት፣ በክረምት ክዳኑ ተከፍቶ እንደተቀመጠ ጨው፣ እርጥበትን ከአየር ይስባል፤ በቱቦውና በጎሚኒዎቹ በኩል እንኳ ቀስ እያለ ይገባበታል። በመለኪያው መሠረት ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ 3.7 ከመቶ ያህል ውሃ ሲገባበት ግን ዝቅተኛው የመፍያ ነጥብ ወደ 155 ይወርዳል። በፍሬን ላይ የሚያስፈራው ይህ መፍላት ነው፤ በፍሪሲዮን ላይ ግን፣ በተለይም ለወራት በቆመ ሞተር ሳይክል ላይ፣ ትልቁ ጉዳት ውሃው ከሥር ተቀምጦ የፓምፑን ግድግዳ መብላቱ ነው። የታችኛው ፓምፕ የመስመሩ ዝቅተኛ ቦታ ስለሆነ ዝቃጩም እርጥበቱም የሚያርፉት እዚያው ነው። ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር የሚባለውም ለዚህ ነው፤ የቀድሞው ባለቤት ያስረከበኝ የጥገና ደብተር ግን ስለ ፍሪሲዮን ዘይት አንድም ቃል የለውም።

የፓምፑ ግድግዳ በጥፍር ሲዳሰስ የሚይዝ ጉድጓድ አልነበረውም፤ ስለዚህ ጎሚኒ ተቀይሮለት መቀጠል ይችላል ተባለ። ሥራው የዘገየው እዚህ ላይ ነው። በሐዋሳ መለዋወጫ ሱቆች የዚህ ፓምፕ ጎሚኒ የለም። ከሱቆቹ አንዱ በመጠን የሚመሳሰል የሌላ ማሽን ጎሚኒ ቢያቀርብም ባለሙያው አልተቀበሉትም፤ ምክንያታቸውም ትክክል ነበር። በፍሬን ዘይት ውስጥ የሚኖረው ጎሚኒ ኢፒዲኤም ከሚባለው የጎማ ዓይነት ይሠራል፤ ለሞተር ዘይት ወይም ለማዕድናዊ ዘይት የተሠራ ጎሚኒ በፍሬን ዘይት ውስጥ ይለሰልስና ያብጣል። የተገላቢጦሹም እውነት ነው። አንዳንድ የኬቲኤም ሞተር ሳይክሎች ማጉራ የተባለው ኩባንያ ሥሪት የሆነ ፍሪሲዮን ስላላቸው የሚጠቀሙት ማዕድናዊ ዘይት ነው፤ እዚያ ውስጥ ዶት 4 የጨመረ ሰው ጎሚኒዎቹን በሙሉ ያበላሻል። የሚፈለገው የዘይት ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ቋቱ መክደኛ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ከአፈ ታሪክ ይልቅ እሱን ማንበብ ይሻላል። ዶት 5 ደግሞ ስሙ ቢመሳሰልም ሲሊኮን ነውና ከዶት 4 ጋር አይቀላቀልም፤ የሚቀላቀለው ዶት 5.1 ነው። ጎሚኒው በመጨረሻ በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ በትውውቅ ተገኝቶ በአውቶቡስ ተላከ፤ ፍለጋውን የመሩትም ክፍያውን ሳይጨምሩ ራሳቸው ባለሙያው ናቸው።

ጎሚኒው እስኪደርስ ድረስ የላይኛው ፓምፕ ታጠበ። በቋቱ ወለል ላይ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ አንደኛዋ በጣም ጠባብ ስለሆነች ብዙ ሰው መኖሯን አያስተውልም። እጀታው በተለቀቀ ቁጥር ግፊቱ የሚተነፍሰው በዚህች ቀዳዳ ነው። በዝቃጭ ስትደፈን ሞተሩ ሲሞቅ የሚስፋፋው ዘይት መመለሻ ያጣና ፍሪሲዮኑ ሳይነካ በራሱ መንሸራተት ይጀምራል፤ አየር ለማውጣት የሚደረገው ልፋትም ከንቱ ይሆናል። ባለሙያው ከአሮጌ የፍሬን ካቦ ላይ አንዲት ነጠላ ሽቦ ነጥለው፣ ጫፏን በድንጋይ አለስልሰው፣ ቀዳዳዋን ሳያሰፉ ከፈቷት። መከፈቷን ለመፈተሽ ቋቱ ውስጥ አዲስ ዘይት ጨምረው እጀታውን በጣም በትንሹ ነካ አደረጉት፤ ከቀዳዳዋ አንዲት ቀጭን የዘይት ምንጭ ብድግ አለች።

አየር የማውጣቱ ሥራ ግን የቤቱን ብቃት ከሁሉ በላይ ያሳየኝ ነው። የተለመደው ዘዴ እጀታውን ደጋግሞ ስቦ በመያዝ ከታች ያለችውን የማስተንፈሻ ቡሎን ከፍቶ መዝጋት ነው። ይህ ዘዴ በፍሬን ላይ ይሠራል፤ በባዶ የፍሪሲዮን መስመር ላይ ግን ብዙ ያደክማል፤ የላይኛው ፓምፕ በአንድ ስበት የሚገፋው ዘይት ትንሽ ነው፣ አየሩ ደግሞ በተፈጥሮው ወደ ላይ መውጣት እየፈለገ ወደ ታች ይገፋል። ባለሙያው መንገዱን ገለበጡት። ከመድኃኒት ቤት የተገዛ የ60 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ላይ የግሉኮስ መስጫ ቱቦ ሰክተው፣ ውስጡን በአዲስ ዘይት ሞልተው፣ ከታችኛው ቡሎን በኩል ቀስ እያሉ ወደ ላይ ገፉ። ረዳቱ ከላይ ሆኖ ቋቱ እንዳይትረፈረፍ በሌላ ስሪንጅ ይመጥ ነበር። መጀመሪያ ቡናማው አሮጌ ዘይት፣ ቀጥሎ አረፋ፣ ከዚያ ንጹሕ ዘይት ቋቱ ውስጥ ብቅ አለ። የነዳጁ ጋን በወፍራም ጨርቅ ተሸፍኖ፣ አንድ ባልዲ ውሃም አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር፤ ይህ ዘይት ቀለም ስለሚበላ የፈሰሰችው ጠብታ ወዲያው በውሃ መታጠብ አለባት።

ከዚህ በኋላም እጀታው መጀመሪያ ላይ ትንሽ ባዶነት ቀረው። መሪውን ወደ ቀኝ አዙረው የላይኛው ፓምፕ ከቱቦው ሁሉ ከፍ እንዲል አደረጉ፤ አየር መደበቅ የሚወደው ቱቦው ከፓምፑ ጋር በሚገናኝበት ክርን ላይ ነውና። ከዚያ ከጎማ የውስጥ ላስቲክ በተቆረጠ ቁራጭ እጀታውን ከመሪው ጋር አስረው ሌሊቱን አሳደሩት። ጠዋት ላስቲኩ ሲፈታ ከቋቱ ጥቂት ጥቃቅን አረፋዎች ብቅ ብለው ፈነዱ፤ እጀታውም ከመጀመሪያዋ ጣት ጀምሮ ጠንክሮ ተገኘ። በሐዋሳ ያሉ ሌሎች ቤቶች ይህን ሌሊት አይሰጡም፤ ደንበኛውን በዕለቱ ሸኝቶ ነገ «አየር ቀርቶበት ነው» ብሎ መመለስ ይቀናቸዋል።

የሸራው ጥርጣሬም ሳይታይ አልታለፈም። የዘይት መስመሩ ከተስተካከለ በኋላ ሞተሩን አሙቀው አጠፉት፤ ሁለተኛ ማርሽ አስገብተው እጀታውን ስበው ሞተር ሳይክሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነቀነቁት። በመጀመሪያው ንቅናቄ ትንሽ ይዞ ነበር፤ ወዲያው ለቀቀ። ሸራዎቹ በቆሙበት ጥቂት ተያይዘው እንደነበር ያሳያል፤ ያለመክፈት የሚድን ነገር ነበር ማለት ነው። ያ የመጀመሪያው ጋራዥ ሞተሩን ቢከፍተው ኖሮ ደህና ሸራ ተጥሎ፣ የሚያፈሰው ፓምፕ በቦታው ይቀር ነበር።

ቤቱ እንከን የለውም ማለት አይቻልም። ቱቦውን ከፓምፑ ጋር የሚያስረው ቡሎን በግራና በቀኙ የመዳብ ሮንደላ አለው፤ እነዚህ በአዲስ መተካት ሲገባቸው ባለሙያው አሮጌዎቹን በጋዝ እሳት እስኪቀሉ አሙቀው አለስልሰው መልሰዋቸዋል። መዳብ ሲሞቅ ስለሚለሰልስ ዘዴው ይሠራል፤ እስካሁንም አላፈሰሰም። ሆኖም አዲስ ሮንደላ ከዚህ ሁሉ ሥራ አንጻር ዋጋው ኢምንት ነውና ለደንበኛው ምርጫው ቢቀርብለት ይሻል ነበር። የማጥበቂያ መጠን የሚለካ ቁልፍ በቤቱ የለም፤ ሁሉም ነገር የሚጠብቀው በእጅ ልምድ ነው። በአሉሚኒየም ላይ ለሚታሰሩ ትንንሽ ቡሎኖች ይህ የሚያሳስብ ነው፤ የባለሙያው እጅ ሊታመን ይችል ይሆናል፣ የረዳቶቹ ግን ገና ነው። የተወገደው የፍሬን ዘይት የት እንደሚደርስም አልወደድሁትም። የሞተር ዘይት በጀሪካን ተጠራቅሞ ለሚወስደው ሰው ይሰጣል፤ የፍሬን ዘይቱ ግን ግቢው ጥግ ወዳለው ቦይ ተደፋ። ሐይቁ በቅርብ ባለበት ከተማ ይህ ልማድ ሊቀር ይገባዋል፤ ይህንኑ ለባለሙያው ነግሬያቸው «ልክ ነህ፣ እንደ ሞተሩ ዘይት ይጠራቀማል» ብለውኛል።

በተጨማሪም ቤቱ ደረሰኝ አይሰጥም፤ ለመሥሪያ ቤት ሒሳብ የሚያወራርድ ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቅ። ቀጠሮም እንደ ነገሩ ነው፤ ባጃጁ የቆመበት ሾፌር የዕለት እንጀራው ስለሆነ ቅድሚያ ይሰጠዋል፣ የእኔን የመሰለ የመዝናኛ ሞተር ሳይክል ይጠብቃል። አሠራሩ ፍትሐዊ ስለሆነ ቅሬታ የለኝም፤ የሚቸኩል ሰው ግን እንዲያስብበት እመክራለሁ። ረዳቶቹ እርስ በርሳቸው በሲዳምኛ እየተነጋገሩ ይሠራሉ፤ ደንበኛ ሲጠይቃቸው ሥራውን አቁመው በአማርኛ ማስረዳታቸው ደግሞ በሌሎች ጋራዦች ብዙ የማይገኝ ጨዋነት ነው።

ዋጋው በየወሩ ስለሚለዋወጥ ቁጥር መጻፉ አይጠቅምም። የእጅ ዋጋው ግን አስቀድሞ ተነግሮኝ በመጨረሻም ያው ሆኖ ተገኝቷል፤ ያ የመጀመሪያው ጋራዥ ለሸራ መቀየሪያ ከጠራው ገንዘብ ጋር ሲተያይ እጅግ ያነሰ ነበር። ጎሚኒውና ትራንስፖርቱ በወጣባቸው ልክ ነው የተከፈሉት። ዘይቱን በሚመለከት ባለሙያው ጥብቅ ናቸው፤ ተከፍቶ የተቀመጠ ጠርሙስ አይጠቀሙም፣ የታሸገውን ትንሹን ጠርሙስ ደንበኛው ፊት ይከፍታሉ፣ የተረፈውንም ለሌላ ሥራ እንዳይውል ለባለቤቱ ይሰጣሉ። እኔም የተረፈችውን ይዤ ብመጣ «ከወር በኋላ ለፍሪሲዮን እንዳትጨምራት» ተብያለሁ።

ለሚቀጥለው ክረምት የሰጡኝ ምክር አጭር ነበር፤ ሞተር ሳይክሉ ከመቆሙ በፊት ዘይቱ አዲስ ይሁን፣ የፊት ጥርሱ ክዳን ተከፍቶ ጭቃውና የካቴናው ቅባት ይጠረግ፣ በቤት ያለ ሰው ደግሞ በሳምንት አንድ ጊዜ እጀታውን ጥቂት ጊዜ ይሳበው። ላስቲክ መሸፈኛ ከሥሩ እርጥበት ስለሚያፍን በሚተነፍስ ሸራ መሸፈንን ይመርጣሉ።

ቤቱ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሙሉ ቀን፣ ቅዳሜ እስከ ምሳ ሰዓት ይሠራል። በካቦ ለሚሠራ ትንሽ ሞተር ሳይክል ወረፋውን መጠበቅ አያስፈልግም፤ ያን ሥራ በየሰፈሩ ያሉት ወጣቶች በግማሽ ሰዓት ይጨርሱታል። የዘይት ፍሪሲዮን ያለው ሰው ግን ከሻሸመኔም ሆነ ከዲላ ቢመጣ ድካሙ አይቆጭም፤ የመለዋወጫ ቁጥሩን ከመመሪያ መጽሐፉ ገልብጦ፣ የታሸገ ዶት 4 ጠርሙስም ይዞ ቢመጣ የአዲስ አበባው ፍለጋ በእጅጉ ያጥርለታል።